ስድስት ሳምንት ጃፓን ቆይቼ ተመለስኩ፤ እናንተስ የምትወዱት ሩቅ ሀገር ምን አደረጋችሁ?

የደጀን ልጅ (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡልኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ደጀን ነው፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ። ጃፓን የሚባል ሀገር መኖሩን የሰማሁት ትምህርት ቤት ሳልገባ ከአባቴ ነው። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት እረኛ ሳለ ከአጎቱ ጋር ገበያ ወጥቶ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ሰው ራዲዮ ከቦ ሲሰማ ይደርሳል። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸንፎ ነበር። ሮም በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ በጫማ፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። አባቴ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደ ነገረኝ አልቆጠርኩትም። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰዉ አሁን ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር።» ለእኔ ጃፓን ማለት ያ ሣር ነበር።

ሁለተኛው ፍቅር በድልድዩ መጣ። አባይ በረሃ ውስጥ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ያለው አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ሲሠራ እኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ነው የተመረቀው። በእረፍት ጊዜዬ ወርጄ በቀን ሥራ አሸዋ አቀብያለሁ። አንድ መሐንዲስ ነበር፤ ትናንት የለካውን ብረት ዛሬ ጎንበስ ብሎ እንደገና ይለካል። በዚያ ሐሩር ማንም ሳያዝዘው! እንዲህ ያለ ሰው ያበቀለውን ሀገር ሳላይ አልሞትም አልኩ። በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው እንደ ነበር፣ የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ እንደ ወሰደ ሳነብ፣ ፍቅሩ ከእኔ በፊት የነበረ መሆኑን አወቅሁና ደስ አለኝ።

የምሠራው በአንድ የወረዳ መስሪያ ቤት ነው፣ በመስኖ ክፍል። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ለአነስተኛ መስኖ አስተዳደር ሥልጠና ተመርጬ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድኩ። የተቀመጥነው ከቶኪዮ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ባለችው ቱኩባ ከተማ ነው።

ስለ ንጽሕናው፣ ስለ ባቡሩ ሰዓት አክባሪነት፣ ተማሪዎች ክፍላቸውን ራሳቸው ስለ መጥረጋቸው ሁላችሁም ሰምታችኋል። እውነት ነው፤ አልደግመውም።

እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ የማነብ ሰው ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ ደብዳቤ ከመጣ ወደ እኛ ቤት ነበር የሚመጣው፤ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህም እከበር ነበር። ጃፓን ስደርስ ይህ ክብር ከላዬ ተገፈፈ። የሱቁን ስም አላነብም። የመድኃኒቱን ጠርሙስ አላነብም። ጨው ብዬ ስኳር ገዝቼ ሾርባዬን አበላሸሁ። በትልልቅ ጣቢያዎች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ ከዚያ ፈቀቅ ሲሉ ግን ከተማው በሙሉ የሚያወራው ከሌላ ሰው ጋር ነው።

አንድ እሑድ አበበ የሮጠበትን መንገድ ለማየት ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። የሥልጠናው አስተባባሪ የምሄድበትን በጃፓንኛ ወረቀት ላይ ጽፋ «ከጠፋህ ለማንም አሳይ» ብላ ሰጥታኛለች። ሺንጁኩ ጣቢያ ጠፋሁ። በቀን 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚያልፍበት፣ ከ200 በላይ መውጫ ያለው ጣቢያ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ዞሬ ዞሬ መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ለቆሙ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

መነጽራቸውን አወጡ። ጣታቸውን ከመስመሩ በታች አስኬዱ። እኔ ወረቀቱን ትቼ ፊታቸውን ማየት ጀመርኩ። ቅንድባቸው ከፍ ሲል ደነገጥኩ፤ ከንፈራቸው ላላ ሲል ተነፈስኩ። ወረቀቱ የእኔ ነው፣ ጉዳዩም የእኔ ነው፤ ምን እንደሚል የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው።

ያን ጊዜ የመስሪያ ቤቴ መስኮት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ገበሬው ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። ከጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ፈትቶ፣ በፌስታል የጠቀለለውን ወረቀት በሁለት እጁ ይሰጠኛል። እኔ አነባለሁ፤ እሱ ፊቴን ያያል። እጨርስና «ሐሙስ ተመለስ» ብዬ እመልስለታለሁ። ወረቀቱ ምን እንደሚል አልነግረውም። ለምን ብዬ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስሠራ አንድም ቀን አላፈርኩም። ሺንጁኩ ላይ ቆሜ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ሽማግሌው ይዘውኝ ወረዱ፤ ባቡሩ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ፤ የማልፋቸውን ጣቢያዎች በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ስገባ ከወገባቸው ዝቅ አሉ። እኔም እንደ ሀገሬ እጅ ነሣሁ። የምንተዋወቅ ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የመስኖ ማኅበር ቢሮ ወስደውን ነበር። አንድ አዛውንት ገበሬ ሰነድ ሊፈርሙ ከኪሳቸው ሀንኮ የሚሉትን የግል ማኅተም አወጡ፤ ትንሽ ጣት የምታህል ናት። «ሃ» ብለው ተነፈሱባት፣ ቀዩን ቀለም ነኩ፣ ረጋ ብለው ወረቀቱ ላይ አሳረፏት። ያን ጊዜ የተማረውም ያልተማረውም በማኅተም ነበር የሚፈርመው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው፦ ከመስኮቴ በታች ያለውን ግድግዳ። ገበሬዎቻችን በአውራ ጣታቸው ከፈረሙ በኋላ የሚጠርጉበት ስላላቀረብንላቸው ቀለሙን ግድግዳው ላይ ይጠርጋሉ። ግድግዳው ከወገብ በታች ሰማያዊ ነው። ዓመት ከዓመት «ግድግዳ አቆሸሹ» ብለን ስንቆጣቸው ኖረናል።

ባለቤቴ «ተለውጠህ መጣህ» ትለኛለች። እናንተስ? የምትወዱት ሩቅ ሀገር ደርሳችሁ ስትመለሱ ምን ሆናችሁ መጣችሁ?

---

ደጋ ዳሞት

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ልብ ይነካል። ግን ልሞግትህ።

ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓመት ጀርመን ተምሮ መጣ። ሦስት ወር ሰዓት አክባሪ ሆነ፤ ለቅሶ ቤት እንኳን በደቂቃ ይደርስ ነበር። አራተኛው ወር ላይ እንደ ማናችንም ሆነ። በእሱ አልፈርድም፤ ሰውን የሚሠራው የሚኖርበት ቦታ ነው፣ የጎበኘው አይደለም። አንተ ደግሞ ስድስት ሳምንት ነው የቆየኸው።

ሌላም አለኝ። አንድ ሽማግሌ መንገድ ስላሳዩህ ነው ይህ ሁሉ? ፍኖተ ሰላም ገበያ መንገድ የጠፋው ሰው ቢቆም ቆሎ የምትሸጥ ልጅ እንኳን ዕቃዋን ትታ ቤቱ በር ታደርሰዋለች። ይህን ለማየት ውቅያኖስ መሻገር ነበረብህ? ገበሬውስ ዘጠኝ ዓመት ፊትህ ቆሞ ነበር እኮ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ከተመለስክ በኋላ ምን አደረግህ? መስኮቱ አለ? ግድግዳውስ?

---

እህተ ሞጣ

እኔ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። «እኔ አነባለሁ፤ እሱ ፊቴን ያያል» የሚለው ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀመጥኩት። የላቦራቶሪ ውጤት ሳነብ እንዲሁ ነው የሚያዩኝ። ዛሬ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

---

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ እኔም የምለው አለኝ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ስማር ፊዚክስ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ነበሩ። በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ብዙ የህንድ መምህራን ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ የመጡ ናቸው። የእኛም ከዚያ ነበሩ። የማርቆስን ብርድ ታውቃላችሁ፤ እሳቸው ያደጉት የኮኮናት ዛፍ ሥር ነው። ሰኔ ላይ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ አንገታቸውን ጠቅልለው፣ በጭቃው ውስጥ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን እንኳን አልቀሩም። የኒውተንን ሕግጋት እስከ ዛሬ በእሳቸው ድምፅ ነው የማስታውሰው። ህንድን የወደድኩት በእሳቸው ነው።

ግን ደግሞ እንስቅባቸው ነበር። እንግሊዝኛቸው ከምላስ ጫፍ የሚንከባለል ነበር። ሰሌዳው ላይ ሊጽፉ ዞር ሲሉ ከኋላ አንድ ልጅ አነጋገራቸውን ያስመስላል፤ ክፍሉ ይስቃል። ያ የሚያስመስለው ልጅ እኔ ነበርኩ። ይሰሙ ነበር። አንድም ቀን ማን ነው ብለው አልጠየቁም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጄ ለልብ ሕክምና ህንድ ወሰደችኝ። ሕክምናው ሲያልቅ «ኬረላን ሳላይ አልመለስም» አልኳት። መምህሬ በሕይወት እንዳልነበሩ አውቄያለሁ፤ ሀገራቸውን ብቻ ለማየት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ማላንካራ የሚባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ከእኛ ጋር እኅትማማች ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ጥር አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ አባቶቻቸው ነበሩ። ቋንቋውን አልሰማሁትም፤ ዜማውና ዕጣኑ ግን አልጠፋኝም። ከቅዳሴ በኋላ አጥቢያው ላይ ለተሰበሰቡት ጥቂት ቃል በእንግሊዝኛ ተናገር ተባልኩ። ስለ መምህሬ ተናገርኩ። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ልጆች እርስ በእርስ ተያዩና አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አነጋገሬ ነበር ያሳቃቸው።

እናንተ ሆይ፣ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ሰዎቹ ስለ መምህሬ ያለቀስኩ መሰላቸው፤ አልተሳሳቱም።

ለደጋ ዳሞት፦ ልክ ነህ፣ መምህሬ ፊቴ ቆመው ነበር፤ ለማወቅ ኬረላ መሄድ አይገባኝም ነበር። ግን ሳልሄድ አላወቅሁትም። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ከአገውም ከሌላም የመጡ፣ አማርኛ የሚከብዳቸው ልጆች ነበሩኝ። ለእነሱ የነበረኝ ትዕግሥት መምህሬ ለእኔ ከነበራቸው እጅግ ያነሰ ነበር። አሁን ጡረታ ላይ ሆኜ ለሰፈር ልጆች ሒሳብ አስረዳለሁ፤ አንድ ልጅ በሌላው አነጋገር ሲስቅ እንዳልሰማ አልፋለሁ ማለት አልችልም። አቆምና ስለ ሁለቱ ሹራቦች እነግራቸዋለሁ።

---

የደጀን ልጅ

መምህር፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ለደጋ ዳሞት። ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሳልደብቅ እመልሳለሁ።

እንደ ተመለስኩ የመጀመሪያው ሰኞ ለየገበሬው ወረቀቱን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ደግ የሠራሁ መሰለኝ። ሦስተኛው ሰው የውሃ ተራ ክስ የቀረበባቸው አባት ነበሩ። «በሌሊት ቦይ ሰብረዋል ተብሎ ተመስክሮብዎታል» ብዬ ሳነብ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው በሙሉ ሰማ። ጎረቤቶቻቸው ናቸው። አባት ወረቀቱን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱና «ልጄ፣ ሐሙስ ተመለስ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር» ብለው ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሺንጁኩ ላይ ሽማግሌው ወረቀቴን ያነበቡት በልባቸው ነበር፤ ይህን አላስተዋልኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ መስኮቱን ተውኩት። ግቢው ውስጥ አንድ ዋንዛ አለ፤ ሥሩ ሁለት በርጩማ አስቀመጥኩ። አንድ ሰው ይመጣል፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አነብለታለሁ። ሰልፉ ግን ረዘመ። በቀን አርባ ሰው የማስተናግድ የነበርኩት ሃያ አምስት ላይ ወረድኩ። አለቃዬ ጠርተው ተቆጡ፤ ልክ ነበሩ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ሳይስተናገድ ይመለስ ነበር። ስለዚህ አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ጠዋት ላይ ብቻ ነው ዋንዛው ሥር የምቀመጠው። በሌላው ቀን መስኮቱ አለ። አልዋሽህም፤ ሰው በበዛበት ቀን «ሐሙስ ተመለስ» ከአፌ ያመለጠበት ጊዜ አለ።

ግድግዳውን በተመለከተ፦ ቁራጭ ፎጣና ሳሙና ከመስኮቱ ሥር አስቀመጥን። ፎጣውን በየሳምንቱ የጽዳት ሠራተኛችን ታጥበዋለች፤ ይህን ያሰበችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ግድግዳው እስካሁን ሰማያዊ ነው። ቀለም ይቀባ ሲባል እኔ ነኝ ይቆይ ያልኩት። ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልችልም።

አንድ የረሳሁት ነገር፣ የሚያስደስት ስለሆነ። ጃፓኖች ሂራጋና የሚሉት ፊደል አላቸው፤ 46 መሠረታዊ ፊደላት ነው፣ ከእሱ በላይ ለዕለት ንባብ የሚያስፈልጉ ከ2,000 በላይ የቻይና ምልክቶች አሉባቸው። የሥልጠና ማዕከሉ ውስጥ በፈቃደኝነት የሚያስተምሩ አንዲት እናት ነበሩ። ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉና በእንጨት እየጠቆሙ «አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ» ሲሉ ልቤ ዘለለች። የእኛው የፊደል ገበታ! በቅርጽ አይገናኝም፤ አካሄዱ ግን ያው ነው፣ አንዱ ድምፅ ከነቤተሰቡ ይቆማል። ሌሎቹ ሠልጣኞች ሲቸገሩ እኔ በዜማ እየቆጠርኩ በአራት ቀን ያዝኩት። በአምስተኛው ቀን ሱቅ ገብቼ «ሺዮ» የሚል አነበብኩ። ጨው ማለት ነው። ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፌ ወጣሁ።

---

ወለተ ቡሬ

ወንድሜ፣ ስለ ጨዋማው ደስታህ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ሌላ መንገድ ነው የሄድኩት፤ እዚህ ክር ላይ ቢጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

እኔም የወደድኩት ሀገር ነበረኝ፣ ቤይሩት። የአክስቴ ልጅ ባሕሩን ከኋላዋ አድርጋ የተነሣችው ፎቶግራፍ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነበር። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ ፎቅ። አሥር ዓመት ያየሁት ፎቶግራፍ ነው። ስሄድ ለሥራ ብቻ አልነበረም የሄድኩት፤ ያንን ባሕር ለማየት ብዬ ነው።

አንተ አርባ ደቂቃ ጠፋህ፤ የመመለሻ ቲኬት ኪስህ ውስጥ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ማንበብ አልቻልኩም፤ ፓስፖርቴም በሰው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ካፋላ የሚሉት አሠራር አላቸው፤ መኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው፣ ከእሷ ወጣሽ ማለት ሕገ ወጥ ሆንሽ ማለት ነው። የፈረምኩት ውል በዐረብኛ ነበር። ማንም አላነበበልኝም። እኔም እንደ ገበሬዎችህ የሰጪውን ፊት አየሁና ፈገግ ስላለ ፈረምኩ።

ባሕሩን ከሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ አየሁት። ከሁለት ፎቅ መሃል፣ የእጄን ስፋት ታህላለች። ፎቶግራፉ ላይ እንዳለው ሰማያዊ ነው። በዚህ አልዋሽም፣ ቆንጆ ነበር።

ምን ሆነሽ መጣሽ ላላችሁኝ፦ የቤቱ ትንሹ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የቤት ሥራውን ወጥ ቤት እየመጣ ይሠራ ነበር። ሽንኩርት እየላጥኩ «አሊፍ፣ ባ፣ ታ» ከእሱ ጋር አልኩ። እሱ ሲሳሳት መምህርቷ ታርመዋለች፤ እኔ ከእሱ እርማት ተማርኩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ውሌን ከመሳቢያው አውጥቼ ማንበብ ቻልኩ። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት አለሽ ይላል። አንድም ቀን አላረፍኩም ነበር።

አሁን ቡሬ ነኝ፤ እንጀራ እጋግራለሁ። ለመሄድ የተነሣች ልጅ ስትኖር እናቶች ወደ እኔ ይልኳታል። አትሂጂ አልላትም፤ ማን ሊሰማኝ? ውሉን ግን ከምጣዱ ጎን ተቀምጠን መስመር በመስመር አነብላታለሁ። በፊቴ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ጣቷን እንድታስኬድ አደርጋለሁ። እስካሁን ሰባት ልጆች አንብቤላቸዋለሁ፤ ሁለቱ ቀርተዋል።

---

ደጋ ዳሞት

እህቴ ወለተ ቡሬ፣ እግዜር ይስጥሽ። የአንቺን አንብቤ ሳበቃ ቅድም «የጎበኘው አይደለም፣ የሚኖርበት ነው» ያልኩት ጠበበኝ። ሀገሩ ራሱ ሳይሆን እዚያ ማን ሆነሽ እንደ ቆምሽ ነው ለካ ነገሩ። መምህርም ህንድን ሳይሆን ተስቆባቸው መቆምን ነው የተማሩት። ይህን እቀበላለሁ።

የደጀን ልጅ፣ «ሰልፉ ረዘመ» ብለህ መጻፍህን አከበርኩ። ሃያ አምስት ሰው በወጉ ማስተናገድና አርባ ሰው በመስኮት ማሳለፍ፣ እኔ ብሆን የትኛውን እንደምመርጥ እርግጠኛ አይደለሁም። አሥራ አምስቱም ከሩቅ ነው የመጡት።

---

የአብነት ልጅ

እኔ ከጎጃም ወጥቼ አላውቅም። ግን በአሥራ አንድ ዓመቴ ከቤት ጠፍቼ ቅኔ ልማር ዋሸራ ሄጃለሁ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቤ። ከእናቴ ቤት የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ለእኔ ግን ከጃፓን ይርቅ ነበር። ዋሸራን በስም ነበር የምወደው፤ አያቴ «የቅኔ ምንጭ» እያሉ ስላሳደጉኝ።

በሰው በር ቆሜ «ስለ ማርያም» ስል የመጀመሪያው ቀን ድምፄ አልወጣም። የባለጠጋ ልጅ ነበርኩ። ውሻ ነከሰኝ። አንዲት እናት ቁራሽ ይዘው ወጥተው ውሻውን ሲያባርሩ፣ የእናቴ ውሻም ስንት የቆሎ ተማሪ ነክሶ እንደ ነበር ትዝ አለኝ፤ እኔ እያየሁ፣ እየሳቅሁ። ቤታችን ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ውሻውን ማሰር ነው። እናቴ «ልጄ ቅኔ ተምሮ መጣ» ስትል ጎረቤቱ ቅኔውን ይጠይቀኝ ነበር።

ስለዚህ ለደጋ ዳሞት የመጀመሪያ ጥያቄ፦ ውቅያኖስ መሻገር ላያስፈልግ ይችላል፤ ስምህን የማያውቁበት ቦታ መድረስ ግን ያስፈልጋል። አባቶቻችን ተማሪን ከመንደሩ አርቀው የሚያስተምሩት በምክንያት ይመስለኛል።

---

ሣልሲት

የእናቴን ልጻፍ፤ እሷ ስለማትጽፍ።

እናቴ ኢየሩሳሌምን ከመወለዷ በፊት ነው የወደደቻት ማለት ይቻላል። አሥራ አንድ ዓመት ማርና ቅቤ ሸጣ ያጠራቀመችውን ይዛ ለትንሣኤ ሄደች። ከዚያ በፊት ከባሕር ዳር አልፋ አታውቅም ነበር። ስትመለስ ሰው ሁሉ ተሳላሚዋን ሊሳለም መጣ፤ ስለ ጎልጎታ ይጠይቃታል። እሷ የምታወራው ስለ ዴር ሡልጣን ነበር። መነኮሳቶቻችን ጣሪያ ላይ ነው የሚኖሩት፣ የቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፤ ክፍሎቻቸው ትንንሽ ናቸው፣ በሩ ሲገቡ ያስጎነብሳል። «እኔ ወርቅ ቤት ጠብቄ ነበር የሄድኩት» ትላለች። እዚያ ጣሪያ ላይ አንዲት መነኩሲት እግሯን በለብታ ውሃ አጠበቻት። ስሟን እንኳን አልጠየቀቻትም።

በእኛ ሰፈር የእግዜር እንግዳ ማሳደር እየቀረ ነበር፤ ሆቴሉ በዛ፣ ሰውም ተፈራራ። እናቴ ከተመለሰች በኋላ በራችን ላይ የመሸበት ሰው አያልፍም። አባቴ መጀመሪያ ተጨቃጨቀ። አሁን ውሃውን የሚያሞቀው እሱ ነው።

---

እህተ ሞጣ

ዝም እላለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ግን አንዲት እናት ውጤቷን ይዛ መጣች። ወረቀቱን ከማየቴ በፊት ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። የደጀን ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ መጥፎ ነገር የሚል ወረቀት ሲሆን ዋንዛው ሥር ምን ታደርጋለህ? እኔ ይህን አላወቅሁበትም።

---

የደጀን ልጅ

እህቴ፣ እኔም በደንብ አላወቅሁበትም። የደረስኩበትን ልንገርሽ።

ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ልጀምር። ከጃፓን ስመለስ አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አበበ የዞረበት ቦታ ዳገት ነው ሜዳ?» ሜዳ ነው አልኩት። በኮሹ ካይዶ መንገድ ዳር ያለውን የመዞሪያውን ምልክት ፎቶግራፍ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው። «ምን ይላል ጽሑፉ?» አለኝ። «አላውቅም አባዬ፣ እኔም አላነበብኩትም» አልኩት። አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ። ሕይወቱን ሙሉ ለእኔ «ምን ይላል?» ሲል ኖሯል፤ አላውቅም ብዬው አላውቅም ነበር። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን ፎቶግራፉን አየን።

ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ አልፎ መስሪያ ቤታችን መጣ። መጥቶ አያውቅም ነበር። ዋንዛው ሥር ስደርስ በርጩማው ላይ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ተራውን ጠብቆ ተቀምጧል። ከጋቢው ጫፍ ፈትቶ ወረቀት ሰጠኝ፤ የእሱ አይደለም፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ልካው ነው። መነጽሬን አደረግኩ። ፊቴን ማየት ጀመረ፣ ልክ ልጅ ሆኜ ደብዳቤ ሳነብለት እንደሚያደርገው።

እህቴ፣ እኔ የማደርገው ይህን ነው። መጀመሪያ በዐይኔ እስከ መጨረሻው እሮጥበታለሁ። ከዚያ ማንበብ ሳልጀምር፣ ክፉ ከሆነ ክፉ መሆኑን፣ ደግ ከሆነ ደግ መሆኑን በአንድ ቃል እነግራለሁ፤ ከፊቴ ላይ እንዳይፈልጉት። ክፉ ሲሆን ቃሉ አይወጣልኝም፤ እጃቸውን እይዛለሁ።

የአባቴ ቀላል ነበር። «ክፉ ነገር የለበትም፣ አባዬ» አልኩት። ከዚያ ጣቱን ይዤ ከመስመሩ ሥር አስቀመጥኩና ከላይ ጀመርኩለት።